ጁዶ ወይስ የብራዚል ጁጂትሱ? ጥሩ ትምህርት ቤትስ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ዕድሜዬ 34፣ ትግል ሞክሬ አላውቅም። የሚመቸኝ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ነው። የትኛውን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የነጥብ አሰጣጡን ብታይ ልዩነቱ ይገባሃል። በጁዶ ባላጋራህን በፍጥነትና በኃይል በጀርባው ከጣልከው ግጥሚያው እዚያው ያበቃል። በጁጂትሱ ግን መጣል የሚያስገኘው 2 ነጥብ ነው፤ ዋናው ትግል መሬት ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ ጁዶ ላይ ብዙ ትወድቃለህ። በአንተ ዕድሜ ለጀማሪ ጁጂትሱ ይቀላል ባይ ነኝ። ጁዶን ከመረጥክ መጀመሪያ አወዳደቅ ተማር፦ አገጭህን ወደ ደረትህ ሰብስብ፣ ክንድህን ከጎንህ ትንሽ ራቅ አድርገህ በመዳፍህ ምንጣፉን ምታ። እጅ ዘርግቶ መሬቱን ለመደገፍ መሞከር ነው አንጓና ክርን የሚሰብረው።

መልስ፦ ከመመዝገብህ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለህ ተመልከት። አንዱ «በቃኝ» ለማለት በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ሌላው ወዲያው ይለቃል? ካልለቀቀና አሰልጣኙም ዝም ካለ፣ ውጣ። አዲስ ሰው በመጀመሪያ ቀኑ ከከባድ ሰው ጋር ሙሉ ፍልሚያ የሚገባበት ቦታም አይሆንህም። ምንጣፉ በየቀኑ በመድኃኒት መወልወሉን ጠይቅ፤ ጭርት ባልጸዳ ምንጣፍም ይተላለፋል።

መልስ፦ የዓመት ውል ከሆነ የመሰረዣውን አንቀጽ ሳታነብ እንዳትፈርም፤ በወር በወር ይሻላል። ጥፍርህንም ቁረጥ።