ፓምፑ ጠፍቶ እያለ የካምፐሬ ታንከር ራሱ እየሞላ ይፈሳል

የአውሮራው (ኮሎራዶ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ግንቦት ባለ 24 ጫማ ተጎታች ካምፐር (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ከሰው እጅ ገዛሁ፣ የ2008 ስሪት። ባለቤቴም ልጆቼም ወደውታል። ያስቸገረኝ ውሃው ነው።

በጎኑ ሁለት የውሃ መግቢያ አለው። አንዱ ክዳን ያለው፣ ታንከሩን በውሃ ጎማ የምንሞላበት ነው። ሌላው ከካምፑ ቧንቧ ጋር በቀጥታ የሚታሰረው ነው። ታንከሩ 40 ጋሎን ይይዛል። ቀጥታውን አስሬ ፓምፑን አጥፍቼ፣ ታንከሩም ባዶ ሆኖ እንተኛለን፤ ጠዋት ግን ጢም ብሎ ሞልቶ ከሥር በትርፍ ማፍሰሻው ሲወርድ አገኘዋለሁ። በመጨረሻው ጉዟችን ትንሿ ልጄ ሌሊት «አባ፣ ዝናብ ነው?» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ባትሪ ይዤ ስወጣ ከካምፐሩ እግር ጎማዎች ሥር ጭቃ በጭቃ ሆኗል። 40 ጋሎን ከ150 ኪሎ በላይ ነው። ያን ሳላውቅ ጭኜ የተራራውን ቁልቁለት ወርጄ ቢሆንስ እያልኩ እስካሁን ይከነክነኛል።

አንድ ጥገና ቤት አሳይቼው «መግቢያውም ፓምፑም ቧንቧውም ይቀየር» አሉኝ፤ የጠሩት ዋጋ ካምፐሩን ከገዛሁበት ሲሶ ነው። እውነት ያን ያህል ነው?

እጄን ካስገባሁ አይቀር ደግሞ ቧንቧ በሌለበት ቦታ ስናድር ከጀሪካን ውሃ መሳብ እንዲችል፣ ጎማ ሳልቀያይርም ከቀጥታው መስመር ታንከሩን መሙላት እንድችል አድርጌ ላሻሽለው አስቤያለሁ። ቧንቧው ግማሽ ኢንች ፔክስ (የፕላስቲክ ቧንቧ) ነው። ቤቴ ውስጥ የሲንክ ቧንቧ ቀይሬ አውቃለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ልምድ የለኝም።

ጋሼ ቧንቧ (ሲያትል)፦
ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ከፓምፑ ውስጥ ያለው ቼክ ቫልቭ አልዘጋ ብሎ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ሳለሁ ለ14 ዓመት ቧንቧ ሠርቻለሁ። ሮቶና ፓምፕ ያለበት ግቢ ይህን ችግር ያውቀዋል። የመስመር ውሃ ሲመጣ በፓምፑ በኩል ወደ ኋላ ዞሮ ሮቶው ውስጥ እንዳይገባ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ነው። እሱ ካልገጠመ ሮቶው ሞልቶ ግቢውን ያጥለቀልቃል። ያንተም ካምፐር ሥራው ያው ነው።

ምንም ሳትገዛ መጀመሪያ ፈትሽ። ታንከሩን አፍስስ፣ ፓምፑን አጥፋ፣ ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚመጣውን ቱቦ ከፓምፑ ላይ ፍታ። ከዚያ ቀጥታውን ውሃ ክፈት። ከተፈታው የፓምፕ አፍ ውሃ ከወጣ ጥፋቱ እዚያ ነው። ደረቅ ከሆነ ተመልሰህ ንገረን፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ውሃ ከወጣም ለመቀየር አትቸኩል። የፓምፑን ራስ ፈትተህ እይ፤ እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ቆሻሻ ገብቶባቸው እንጂ ተሰብረው አይደለም። ከፓምፑ በፊት ያለችውን ትንሽ ማጣሪያም ክፈታት።

ሬጉሌተር (የውሃ ግፊት መቀነሻ) አለህ? አልጠቀስክም። ከሌለህ ዛሬውኑ ግዛ። ከካምፐሩ ላይ ሳይሆን ከካምፑ ቧንቧ ላይ እሰረው፣ ጎማህንም ይጠብቅልሃል። ለካምፐር ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል፣ 100 የሚደርስ ካምፕ ግን አጋጥሞኛል።

ከቀጥታው መስመር ቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) አውጥተህ በቫልቭ ወደ ታንከሩ መሙላት ይቻላል፣ ግን ያ ታንከር ግፊት የሚችል ዕቃ አይደለም። አየር የሚያስወጣው ቀጭን ቱቦ ነው። ውሃው አየሩን ከቀደመው ታንከሩ ይነፋል፣ ወለሉን ይገፋል፣ ይሰነጠቃልም። ስትሞላ ክዳኑን ክፈት፣ ጨርሰህ እስክትዘጋው ድረስም ከአጠገቡ አትራቅ።

የሁለት ልጆች እናት (ዳላስ)፦
የጀሪካኑን እኛ ሠርተነዋል። ከታንከሩና ከፓምፑ መካከል ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ ገጥመን በአንዱ በኩል አንድ ሜትር ያህል ግልጽ ቱቦ አወጣን። ቱቦውን ጀሪካን ውስጥ ነክረህ እጀታውን ስታዞር ፓምፑ ከጀሪካኑ ስቦ ወደ ሲንኩ ይልካል። ወደ ታንከሩ እንዲገባ ከፈለግህ ጋሼ ያሉት የቲው ቫልቭም ያስፈልግሃል። ሁለቱን አብረህ ብትሠራቸው ይሻላል።

ለኮሎራዶ ብርድ ደግሞ ያው ቱቦ ይጠቅምሃል። ክረምት ሳይገባ ለካምፐር የሚሸጠውን ሮዝ አንቱፍሪዝ (ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ የሚገባ ፈሳሽ) በእሱ ትስባለህ። የመኪናውን እንዳታስገባ፣ መርዝ ነው! የውሃ ማሞቂያውንም አስቀድመህ አፍስሰህ በባይፓስ (ፈሳሹ ማሞቂያው ውስጥ ሳይገባ እንዲያልፍ በሚያደርገው ቫልቭ) ዝጋው፤ አለዚያ ስድስት ጋሎን አንቱፍሪዝ ይበላብሃል።

እና እባክህ፣ መስመሩን ከከፈትህ በኋላ ሳታጸዳው ልጆቹ እንዳይጠጡ። ለ15 ጋሎን ሩብ የመለኪያ ኩባያ ሽታ የሌለው በረኪና ጨምረህ ሙላው፣ በሁሉም ቧንቧ ሽታው እስኪመጣ አፍስስ፣ አሳድረህ እጠበው። ለሽንት ቤቱ ታንከር ማጠቢያ የምትጠቀምበትን ጎማ ከመጠጥ ውሃው ጎማ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጥ።

መንገደኛ (ቨርጂኒያ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጎማ የሚታሰርበት ጥርስና የቧንቧ ጥርስ አይገጥሙም፣ ቢመሳሰሉም። እኔ በግድ አጥብቄ መግቢያውን ሰንጥቄዋለሁ። ጎማው የሚይዘው በውስጡ ባለው የላስቲክ ቀለበት ነው፤ ቴፍሎን ለቧንቧው ጥርስ ብቻ።

የአውሮራው፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንዳሉኝ አደረግሁ። ቱቦውን ፈትቼ ውሃውን ስከፍት ከፓምፑ አፍ እንደ ጀበና ቀጥኖ፣ ሳይቋረጥ ወጣ። ማጣሪያዋን ስከፍታት አናጢ የላገው እንጨት የመሰለ፣ የተጠቀለለ ነጭ ፕላስቲክ ሞልቶባታል። ታንከሩ ሲሠራ ለቱቦ ሲበሳ የወጣ ፍቅፋቂ መሆን አለበት። የፓምፑን ራስ ስፈታ ደግሞ ከጥፍሬ ያነሰች አንዲት ቁራጭ ከቫልቩ ላስቲክ ሥር ተሰክታ ላስቲኩን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። በወረንጦ አወጣኋት። መልሼ ገጥሜ ቀጥታውን እንደታሰረ አሳደርኩት፤ ጠዋት ታንከሩ ባዶ ነው።

ሬጉሌተርም ገዛሁ። ከመግጠሜ በፊት የካምፑን ግፊት ስለካው 85 ነበር።

እህቴ ያልሽውን ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገጠምኩት። የመጀመሪያውን የፔክስ ቀለበት አጣምሜ ስለጨመቅሁት አንጠባጠበ፤ ቆርጬ እንደገና ሠራሁት፣ አሁን ደረቅ ነው። ትልቁ ልጄ ጀሪካኑን ይዞልኝ ነበር፣ ውሃው በግልጹ ቱቦ ሲወጣ አይቶ ጮኸ። በረኪናውን ዛሬ ማታ አስገባለሁ። የቲው ሥራ ይቀረኛል። እዚህ ከመስቀል በኋላ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከዚያ በፊት ልጨርሰው ነው። ጋሼ፣ ቲውን ከፓምፑ ወዲህ ከቀዝቃዛው መስመር ላይ ባወጣው ይሻላል ወይስ ከመግቢያው አጠገብ?

ጋሼ ቧንቧ፦
ከፓምፑ ወዲህ፣ እጅህ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ። ከጀሪካንም ከካምፕ ቧንቧም በዚያው ትሞላለህ። ፍቅፋቂው ገና ስለሚመጣ ማጣሪያዋን ለሁለት ሦስት ጉዞ ያህል በየጊዜው ክፈታት።