የጆክ ስኮት ዝንብ ክንፉ ሳስረው ይበተንብኛል፤ ምን ላድርግ?

ከቴይ ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ስኮትላንድ፣ ፐርዝ ነው። ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ በመንጠቆ ላይ በላባና በክር ከሚሠሩት የጥንት ሰው ሠራሽ ዝንቦች አንዱን፣ ጆክ ስኮትን፣ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። አካሉ ይሆንልኛል፤ የኋላው ግማሽ ቢጫ ሐር፣ የፊቱ ጥቁር። ያቃተኝ ክንፉ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የተነከረ የዝይ ላባ እየሰነጠቅኩ ሰበዞቹን (የላባውን ቀጫጭን ክሮች) ጎን ለጎን ሳያይዛቸው ያምራሉ፤ ክሩን ጠበቅ ሳደርግ ግን እንደ መጥረጊያ ይበተናሉ። ትናንት ማታ አራተኛውን ፈታሁት። ቢጫው ሐርም ይጠቁርብኛል። እባካችሁ እርዱኝ።

የኤድንብራው፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላባዎቹ ከየትኛው ክንፍ እንደተነቀሉ እይ። የግራው ከግራ፣ የቀኙ ከቀኝ ጋር ብቻ ነው የሚጋባው። ሰበዞቹ ጠርዛቸው ላይ በዓይን የማይለዩ መንጠቆዎች አሏቸው፤ የሚያያዙት በነሱ ነው። ግራና ቀኝ ከተቀላቀለ ጉብጠታቸው ስለማይገጥም ትንሽ ሲጫኗቸው ይለያያሉ። ጎን ለጎን አድርገህ ከሥር ወደ ጫፍ በሁለት ጣት ቀስ ብለህ ዳብሳቸው፤ ሙጫ አያስፈልግም።

የለንደኗ፦ እኔን ያስቸገረኝ ማሰሩ ነበር። ክንፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠህ ያዝ። ክሩን በጣቶችህ መሀል ላላ ባለ ቀለበት አሳልፈህ በቀጥታ ወደ ታች ሳበው፤ ወደ ጎን ከሳብከው ክንፉ ይዞራል። ሰበዞቹ አንዱ ባንዱ ላይ መደራረብ አለባቸው። ሦስት አራት ዙር ሳትጠመጥም ጣትህን እንዳትለቅ። ክንፉ የሚታሰርበት ቦታም እኩል ይሁን፣ ደረጃ አይኑረው። ለቢጫው ሐር ደግሞ ከሥር ነጭ ክር ተጠቀም፤ ጥቁር ክር ሐሩ ሲረጥብ ከሥር ያሳያል። እጅህንም በደንብ ታጠብ፣ የጣት ወዝ ሐር ያቆሽሻል።

ከቴይ ዳር፦ እግዜር ይስጣችሁ! ላባዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳይ ሁለቱ ሰማያዊዎች የቀኝ ሆነው ተገኙ። ለይቼ ስሠራ የግራው ክንፍ ያዘልኝ። አሁን የቀረኝ ከላይ የሚጋደመው የጎልደን ፌዛንት የሚባለው ወፍ ጉትዬ ላባ ነው፤ ወደ ጎን ይጣመምብኛል። ለዝንቡ ጅራት የሚባለውን ኢንዲያን ክሮው የተባለ ወፍ ላባስ ከየት ላግኝ?

የኤድንብራው፦ ጉትዬውን በውሃ አርሰህ ብርጭቆ ጎን ላይ በቅስቱ አስተኛው፤ ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል። ኢንዲያን ክሮውን ግን አደራህን አትፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ ውስጥ ትሪንግ ካለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 299 የወፍ ቆዳ የተሰረቀው ለእንዲህ ዓይነቱ ላባ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ለሳይንስ የተጠበቁ ወፎች! ቀለም የተነከረ የፌዛንት ላባ ይተካዋል፤ እኔ ሁልጊዜ በሱ ነው የምሠራው። ጎኑ ላይ የሚገባውን የጫካ ዶሮ ላባም ሕጋዊ ወረቀት ካለው ሻጭ ግዛ።

ከቴይ ዳር፦ እሺ፣ የተነከረውን አዛለሁ። ጉትዬው ብርጭቆው ላይ ተኝቷል፤ ጠዋት አስረዋለሁ።