የፋሚሊ ዴይ ሰኞ ከሠራሁ ስንት ይከፈለኛል?

ጠያቂ (ኤድመንተን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሆቴል ውስጥ ጽዳት ነው የምሠራው። ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ። ፌብሩዋሪ 16 ፋሚሊ ዴይ (እዚህ ካናዳ የቤተሰብ ቀን የሚባለው በዓል) ነው፣ እኔን ስኬጁል ላይ አስገብተውኛል። ሱፐርቫይዘሬ "ፓርት ታይም ስለሆንሽ ክፍያሽ እንደ ሌላው ቀን ነው" አለችኝ። እውነት ነው? የእናቴን የስኳር መድኃኒት የምልከው ከዚችው ደመወዝ ነው።

ካልጋሪ፦
እህቴ፣ ፓርት ታይም መሆንሽ መብትሽን አያስቀርም። እኛ ባለንበት ክፍለ ሀገር፣ አልበርታ ውስጥ፣ ባለፉት 12 ወራት እዚያው አሠሪ ጋ 30 ቀን ከሠራሽ ይበቃል። ከበዓሉ በፊትና በኋላ ካለው ሺፍት ብቻ ሳታስፈቅጂ እንዳትቀሪ። በዓሉን ስትሠሪ ለሠራሽው ሰዓት የመደበኛ ክፍያሽ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በላዩ ላይ የአንድ ቀን አማካይ ደመወዝ ይታሰብልሻል። ካልሆነ መደበኛው ክፍያና የሚከፈልበት ሌላ ዕረፍት ይሰጥሻል። ሰኞ መደበኛ የሥራ ቀንሽ ነው ወይ? እሱ ለውጥ ያመጣል።

ቶሮንቶ፦
እኛ ጋ የአራት ሳምንት ደመወዝ ለ20 ተካፍሎ ነው የሚሰጠው።

ካልጋሪ፦
ወንድሜ፣ እሱ የኦንታሪዮ ሕግ ነው። ልጅቷን አታደናግራት።

ቶሮንቶ፦
ለኦንታሪዮ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። በዓሉ በየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። መጀመሪያ ያወጣችው እናንተው አልበርታ ናት፣ በፈረንጆች 1990፣ ዶን ጌቲ ፕሪሚየር (የክፍለ ሀገሩ መሪ) በነበረ ጊዜ። አሠሪዎች ወጪ ነው ብለው ተቃውመው ነበር። ኦንታሪዮ በ2008 ተከተለች። ማኒቶባ ያንኑ ሰኞ የሜቲስ ሕዝብ (ከአገሬው ተወላጆችና ከአውሮፓውያን የተወለዱ) መሪ ለነበረው ለሉዊ ሪየል ሰጠችው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2013 ስትጀምር አንድ ሳምንት ቀደም ታደርገው ነበር፣ በ2019 ከሌላው ጋር አስተካከለችው። ኩቤክ ጭራሽ የለም።

ኦታዋ፦
የፌደራል በዓልም አይደለም። ፖስታ ቤት የምትሠሩ ያን ቀን ሥራ ናችሁ። ሕጉ ቤተሰብ ይሰብሰብ ይላል፣ አባት ግን ፖስታ ያድላል! ልጆቼ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ይውላሉ፣ እኔ የለሁም። አገር ቤት በዓል ሲሆን ጎረቤቱ ሁሉ ቡና ይጠራራ ነበር። እዚህ የበረዶ መንሸራተቻው ሜዳ ሞልቶ አንድም የማውቀው ሰው አላይም።

ካልጋሪ፣ አንዲት እናት፦
ልጆቼ፣ የዘንድሮው ፋሚሊ ዴይ የካቲት 9 ነው፣ ሁዳዴ የሚገባበት ቀን። ኮሚኒቲው ሰኞ አዳራሽ ተከራይቶ ዶሮ ወጥ ሊያቀርብ ነው ሲሉ ሰማሁ። እሑድ ቅበላ ነው፣ ለምን እሑድ አይሆንም?

ኤድመንተን፣ ሌላ አባል፦
እማማ፣ እሑድ ግማሹ ሰው ሺፍት አለው። ሰኞ ነው ቤተሰብ የሚገናኘው። ጾመኛው ሽሮና ምስር ይብላ፣ ሙስሊሙና ጴንጤው የፈለገውን።

እናት፦
በመጀመሪያው ቀን ልጆቼን ሥጋ የሚሸት አዳራሽ አልወስድም።

ቶሮንቶ፦
ሐሙስ ደግሞ የካቲት 12 ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1929 ግራዚያኒ አዲስ አበባ ላይ ያስጨፈጨፋቸውን ወገኖቻችንን የምናስብበት። ሐሙስ ማንም አይመጣም። ሰኞ ልጆቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ስለ ስድስት ኪሎው ሐውልት ብትነግሯቸው ከዶሮ ወጡ ይሻላል።

ኤድመንተን፣ ሌላ አባል፦
ልጆች የሚመጡት ሊጫወቱ ነው። ጭፍጨፋ ሰምተው በሚቀጥለው ዓመት አይመለሱም።

ካልጋሪ፣ አንዲት እናት፦
እኔስ በሕፃንነቴ ከአያቴ አይደል የሰማሁት? ይነገራቸው። አዳራሹ ግን የጾም ይሁን።

ካልጋሪ፦
እህቴ ጠያቂ፣ ሰኞ መደበኛ ቀንሽ መሆኑን አልነገርሽንም። ባይሆንም ለሠራሽው ሰዓት አንድ ተኩል አለሽ።

ኤድመንተን፣ ሌላ አባል፦
አዳራሹ እኮ ለሰኞ ቀብድ ተከፍሎበታል!