በሮታክስ 912 ሞተር ላይ ማርሚታው የሚታሰረው ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ነው ወይስ ከሞተሩ ጋር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ሲሆን፣ ዜኒት ሲኤች 750 የተባለውን በግል የሚገነባ አውሮፕላን በመገጣጠም ላይ እገኛለሁ። ሞተሩ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ ነው። ክንፉና ጅራቱ አልቀው ሞተሩም በመቀመጫው ላይ ስለ ዋለ፣ አሁን የቀረኝ የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹንና ማርሚታውን (የጭሱን ድምፅ የሚቀንሰውን ሳጥን) ከሞተሩ በታች መግጠም ነው።

የማርሚታው ድጋፍ ግን አሳስቦኛል። ከአራቱ ቴስታታዎች (የሲሊንደር ክዳኖች) የሚወርዱት ቱቦዎች ከማርሚታው ጋር የሚገናኙት በክብ መጋጠሚያና በሞላ ብቻ በመሆኑ፣ በእጅ ሲነካ ይወዛወዛል። ይህን ያህል ክብደት ለሞላዎቹ ብቻ መተው ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ስለዚህ ከሞተር መቀመጫው ፍሬም ወይም ከፋየርዎሉ (ሞተሩን ከሰው መቀመጫ ክፍል ከሚለየው የእሳት መከላከያ ግድግዳ) ጠንካራ ላሜራ አውርጄ ማርሚታውን በቡሎን ለማሰር አስቤአለሁ። ከመብሳቴ በፊት በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፣ ከአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ

እንኳን ለዚህ ደረጃ አበቃዎት። ላሜራውን ከፋየርዎሉም ሆነ ከመቀመጫው ፍሬም ጋር እንዳያስሩት አጥብቄ እመክራለሁ። ሞተሩ ከፍሬሙ ጋር የተያያዘው በጎማ በኩል ስለ ሆነ ሲነሣና ሲጠፋ በዓይን እስኪታይ ድረስ ይናወጣል፤ በበረራ ላይም ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ማርሚታው በአንድ ወገን ከሚንቀሳቀሰው ሞተር፣ በሌላ ወገን ከማይንቀሳቀሰው አካል ጋር ከታሰረ፣ የሁለቱ የእንቅስቃሴ ልዩነት በሙሉ የሚያርፈው በቱቦዎቹና በብየዳዎቹ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም ብዙውን ጊዜ ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ ያለው ስስ ብረት ነው።

ሙቀቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው የስቴይንለስ ቱቦ ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ 5 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ የጭሱ ሙቀት እስከ 880 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እርስዎን ያሳሰበዎት ውዝዋዜ ቱቦው ሲረዝም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ከተዘጋ ቱቦው መውጫ ፈልጎ ይሰነጠቃል ወይም ቴስታታው ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች ይጎትታል።

ስለዚህ መጋጠሚያዎቹ በነፃነት እንዲዞሩ ይተዉአቸው። ክቡን ክፍል ከፍተኛ ሙቀት የሚችል፣ ብረት ከብረት እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ቅባት ቀብተው ይግጠሙት። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ሁለት ሁለት ሞላዎች የሚበሉት መንጠቆአቸው ላይ በሚደርስባቸው ንዝረት ነው። ስለዚህ በሞላዎቹ ውስጥ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ይሙሉ፤ ንዝረቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ከዚያም በእያንዳንዱ ሞላ ውስጥ የጥንቃቄ ሽቦ ያሳልፉ፤ ሞላው ቢሰበር ቁራጩ ከቦታው አይወድቅም። ፕሮፔለሩ ከኋላ በሆነበት አውሮፕላን ላይ ይህ ሽቦ ከቀረ የተሰበረው ሞላ በቀጥታ ወደ ፕሮፔለሩ ይሄዳል።

የማርሚታውን ውስጥ ወይም የመውጫውን ቱቦ ለመቀየር ካሰቡ፣ ሮታክስ በመነሻ ኃይል ላይ የሚፈቅደው የጭስ ግፊት ከ0.2 ባር እንዳይበልጥ መለካት ይኖርብዎታል። ጸጥታ ለማግኘት ተብሎ ቱቦው ከጠበበ ሞተሩ ኃይል ያጣል፣ ሙቀቱም ይጨምራል።

ምላሽ፣ ከብየዳ ባለሙያ

ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እደግፋለሁ፤ በአንድ ነገር ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። ማርሚታው ከባድ ከሆነ፣ ወይም የመውጫው ቱቦ ረጅም ሆኖ ወደ አንድ ጎን ካደላ፣ ሞላዎቹ ብቻቸውን ይበቃሉ ማለት ይከብደኛል። ድጋፍ ሊጨመርለት ይችላል፤ ነገር ግን ድጋፉ የሚነሣው ከሞተሩ ራሱ መሆን አለበት። እንዲህ ሲሆን ማርሚታውና ድጋፉ ከሞተሩ ጋር አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በድጋፉና በማርሚታው መካከል ጎማ ያለው ማያያዣ ቢገባበት መልካም ነው፤ ጎማው ግን ማርሚታውን እንዳይነካ፣ አየር በሚያገኝበት በቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ያድርጉት።

ድጋፉ የሚታሰርበት ጆሮ የሚበየድ ከሆነ በቀጥታ በማርሚታው ስስ ቆዳ ላይ አይበይዱት። መጀመሪያ ሰፋ ያለ፣ ማዕዘኖቹ ክብ የተደረጉ ተደራቢ ላሜራ ይደረግና ጆሮው በእርሱ ላይ ይበየድ፤ ጭነቱ በአንድ ነጥብ ላይ ከመከማቸት ይልቅ ይሰራጫል። ከስቴይንለስ ዓይነቶች ውስጥ 321 የተባለው ቲታኒየም ስላለበት በሙቀት ውስጥ ብየዳው አጠገብ ከ304 የተሻለ ይጸናል። ሲበየድም ከውስጥ በኩል አርጎን መሞላት አለበት፤ አለዚያ የብየዳው የውስጥ ገጽ እንደ ስኳር ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የጭስ ማውጫ ብረት ላይ በእርሳስ ምልክት አያድርጉ፤ ዚንክ የተቀባ መሣሪያም አያስነኩት። ብረቱ ሲግል እነዚህን ነገሮች ወደ ውስጡ ይወስዳቸዋል፣ በዚያ ቦታ ላይም ይለሰልስና ይሰነጠቃል። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ለጥገና ባለሙያዎች ባዘጋጀው የማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥም ይህ ማስጠንቀቂያ ሰፍሯል።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። ከፋየርዎሉ ጋር የማሰሩን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ ከሞተሩ የሚነሣውን ድጋፍ አጠናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለክረምቱ ቅዝቃዜ ማርሚታውን በላሜራ ጃኬት ሸፍኜ ሞቃቱን አየር ሰው ወደሚቀመጥበት ጓዳ ለማስገባት አቅጃለሁ። ልብ ልለው የሚገባ ነገር ይኖር ይሆን?

ምላሽ፣ ከአንድ የግል አውሮፕላን ባለቤት

ይህ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ክፍል ነው። ጃኬቱ ማርሚታውን ስለሚሸፍነው ስንጥቁን ከዓይን ይሰውረዋል፤ ከስንጥቁ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድም በቀጥታ ወደ መተንፈሻችን ያመጣዋል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚያስከትለው ራስ ምታትና ድካም ደግሞ ከተራ የበረራ ድካም ጋር ይመሳሰላል። ጥር 2019 የእግር ኳስ ተጫዋቹን ኤሚሊያኖ ሳላን አሳፍራ በእንግሊዝ ቻናል የወደቀችውን ፓይፐር ማሊቡ የመረመረው የብሪታንያ የአደጋ መርማሪ አካል፣ በተጫዋቹ ደም ውስጥ 58 በመቶ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሙሌት አግኝቶ ነበር። በአውሮፕላኗ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ የጋዝ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ስለዚህ ማሞቂያ ቢኖርም ባይኖርም፣ ድምፅ ያለው ማስጠንቀቂያ ከፓይለቱ ፊት ለፊት ይሰቀል።

ጃኬቱ በቀላሉ የሚፈታ ይሁን፤ ለመፍታት ግማሽ ቀን የሚወስድ ከሆነ ማንም አይፈታውም። የማሞቂያው በር ሲዘጋ ሞቃቱ አየር ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ይኑረው። የጭስ መውጫው ጫፍ ከኮፋኖው በታች በደንብ ወጣ ብሎ ወደ ኋላ ይጠቁም፣ ከበሮቹ ጠርዝም ይራቅ። ፋየርዎሉን አልፈው የሚገቡ ሽቦዎችና ኬብሎች ቀዳዳዎቻቸው እሳት በሚችል ማሸጊያ መደፈን አለባቸው። በዚህ ሞተር ላይ ካርቡራቶሮቹ ከላይ፣ ጭስ ማውጫው ከታች በመሆናቸው፣ ከካርቡራቶር የሚንጠባጠብ ቤንዚን በጋለ ብረት ላይ እንዳያርፍ የመቀበያ ሳህኖቹንና የማፍሰሻ ቱቦዎቻቸውን አይርሱ፤ የቱቦዎቹ ጫፍም ከማርሚታው ርቆ ይውረድ። እኔ በማርሚታውና በኮፋኖው መካከል ቢያንስ 25 ሚሊሜትር እተዋለሁ፤ ለነዳጅ ቱቦ ከዚህ የበለጠ ርቀት እሰጣለሁ፣ እሳት የሚከላከል እጅጌም አለብሰዋለሁ።

ምላሽ፣ ከአውሮፕላን ጥገና ባለሙያው

ለፍተሻው አንድ ዘዴ ልጨምር። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቤት አቧራ መሳቢያ ማሽን የአየር መውጫውን ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጋር አያይዘው ነፋስ ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ከዚያ በብየዳዎቹና በጆሮዎቹ ዙሪያ የሳሙና ውኃ ይቀቡ። በክብ መጋጠሚያዎቹ ላይ ጥቂት አረፋ ቢታይ የሚጠበቅ ነው፤ በብየዳ ወይም በማርሚታው ቆዳ ላይ ከታየ ግን ያ ክፍል ወርዶ መጠገን አለበት። ጃኬቱን ሳይፈቱ ይህን ፍተሻ ማድረግ ጥቅም የለውም።

ሰርተፊኬት የሌለው ሞተር ለያዘ አውሮፕላን የሙከራ በረራው ብዙውን ጊዜ 40 ሰዓት ነው። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት በረራዎች፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ኮፋኖውን አውርደው ሞላዎቹን፣ ሽቦዎቹንና የድጋፉን ቡሎኖች ይዩ። ከመጋጠሚያ አጠገብ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ የጭስ ዱካ ካዩ ጋዝ እየወጣ ነው ማለት ነው። ስንጥቅ ካገኙም ወዲያው በላዩ ላይ ከመበየድዎ በፊት ድጋፉ ማርሚታውን ወደ አንድ ጎን እየጎተተው እንደ ሆነ ያረጋግጡ፤ የድጋፉን ቡሎን ሲፈቱ ማርሚታው ከቦታው ፈቀቅ ካለ፣ ቀድሞ ታስሮ የቆየው ተጨንቆ ነበርና መጀመሪያ የሚስተካከለው ድጋፉ ነው።