በራስ ዶሜይን የሚሠራ ኢሜይል፦ አገልግሎት ሰጪ ስቀይር አድራሻዬ አብሮኝ ይሄዳል?

ተርጓሚ፣ ከአዲስ አበባ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ለዓመታት የሠራሁበት ነፃ ኢሜይል ባለፈው ወር ምክንያቱ ሳይነገረኝ ተዘጋብኝ፤ አቤት የምልበት ሰውም ስላላገኘሁ የደንበኞቼ ደብዳቤዎች በሙሉ እዚያው ቀሩ። ስለዚህ በስሜ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ ምልክት በኋላ የሚመጣውን የኢንተርኔት ስም) ገዝቼ አድራሻዬን የራሴ ለማድረግ አስቤአለሁ። ነገ አገልግሎት ሰጪውን ብቀይር አድራሻው አይጠፋብኝም? የደብዳቤዎቼ ምስጢርስ በዚህ መንገድ ይጠበቃል?

የሰርቨር ባለሙያ
አይጠፋብዎትም። ዶሜይኑን የሚመዘግብልዎት ድርጅትና ደብዳቤዎን የሚያስቀምጠው ድርጅት ሁለት የተለያዩ ወገኖች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኔም ሆን ብለው እንዲለያዩዋቸው እመክራለሁ። ለእርስዎ የተላከ ደብዳቤ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ኤምኤክስ የሚባለው የዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች ወዴት እንደሚያመሩ የሚያሳየው የኢንተርኔት ማውጫ) መዝገብ ስለሆነ፣ አገልግሎት ሰጪ ሲቀይሩ ይህን መዝገብ ወደ አዲሱ ያዞሩታል፤ የሚጽፉልዎት ሰዎች ለውጡን አያውቁትም። ለውጡ በሁሉም ቦታ እስኪደርስ አንዳንድ ደብዳቤ ወደ አሮጌው ሣጥን ሊገባ ስለሚችል፣ አሮጌውን ለጥቂት ቀናት አይዝጉት። የቆዩ ደብዳቤዎች ግን በራሳቸው አይከተሉዎትም፤ አይማፕ በሚባለው፣ የኢሜይል ፕሮግራም ሰርቨር ላይ ያሉ ደብዳቤዎችን በሚደርስበት መንገድ ወደ አዲሱ ሣጥን መቅዳት ይኖርብዎታል።

የኤስፒኤፍ (በዶሜይንዎ ስም ደብዳቤ መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር) እና የዲኬአይኤም (የደብዳቤውን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጫ ቁልፍ የሚይዝ) መዝገቦችንም አይርሱ። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን ከማንኛውም ላኪ ይጠብቃሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሮጌውን የኤስፒኤፍ መዝገብ ሳያነሣ አዲስ ሲጨምር ነው፤ አንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ካለው ፍተሻው ስለሚከሽፍ ደብዳቤዎ ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ነዋሪነቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ
ስለ ክፍያው አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ዶሜይን የገዛሁት በእኔ ካርድና በእኔ ስም ነበር። የካርዴ ጊዜ ሲያልፍ እድሳቱ ሳይከፈል ቀረ፤ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ለእኔ ስለነበር እሱ የሰማው ደብዳቤ መቅረት ከጀመረ በኋላ ነው። ዘመድ ቢከፍልልዎትም ባለቤትነቱ በእርስዎ ስም ይመዝገብ። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ ሊከፈልለት ይችላል። ተሰርዞ ከሆነ ግን የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ቢኖርም ክፍያው ከመደበኛው እጅግ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ዶሜይኑን ቢገዛው፣ ለእርስዎ የሚላከውን የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው።

የሰርቨር ባለሙያ
ትክክል ነው። የመዝጋቢው አካውንት መልሶ ማግኛ ኢሜይልም በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አድራሻ አይሁን፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው።

የምስጢር ጉዳይ የሚያሳስበኝ
ሁለተኛው ጥያቄ ስላልተመለሰ፦ ዶሜይን ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም። ደብዳቤውን የሚያስቀምጠው ድርጅት ማንበብ ይችል እንደሆነ የሚወስነው የድርጅቱ አሠራር ነው። ፕሮቶን ሜይል የሚባለው የኢሜይል አገልግሎት የደብዳቤውን አካል ራሱ ማንበብ በማይችልበት መንገድ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ የርዕስ መስመሩ ግን በዚያ ቁልፍ አይሸፈንም፣ የራስ ዶሜይን መጠቀምም በነፃው አካውንት አይቻልም። ደንበኛዎ ጂሜይል ተጠቃሚ ከሆነ ደግሞ የላኩለት ተራ ደብዳቤ ቅጂ ጉግል ዘንድ ይቀመጣል። በስምዎ የተሰየመ ዶሜይን ማንነትዎን ስለሚገልጥም፣ መታወቅ በማይፈልጉበት ጉዳይ አይጠቀሙበት።

ተርጓሚ፣ ከአዲስ አበባ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ከውጭ ትከፍልልኛለች፤ ምዝገባው ግን በእኔ ስም ይሆናል። ለደንበኞቼ አዲሱን አድራሻ የማሳውቀው ከሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ልኬና ተቀብዬ ከሞከርኩ በኋላ ነው።