ቀን የባንክ ዜና፣ ማታ ልብ ወለድ፦ ሁለቱን ይዞ መዝለቅ ይቻላል?

ፅጌ ማታ፦
ሰላም ቤቶች። ባንክ ውስጥ ኮሙኒኬሽን ክፍል ነው የምሠራው። ዜናው፣ መጽሔቱ፣ የአለቆች ንግግር፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ፣ የፌስቡክ ፖስቱ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ማታ ደግሞ አጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ችግሩ፣ ሲደክመኝ የቢሮው አማርኛ ይገባብኛል። በቀደም አንዲት ገጸ ባሕሪ ከዓረብ አገር ስትመለስ ቤተሰቦቿ «ደማቅ አቀባበል አደረጉላት» ብዬ አረፍኩ! ሥራውን ልልቀቅ እንዴ? የቤት ኪራዩን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የጉለሌው፦
ኧረ አትልቀቂ። እዚህ አገር ከመጽሐፍ ብቻ የሚኖር በጣት ይቆጠራል። ብዙው ማተሚያውን ከኪሱ ከፍሎ፣ አከፋፋይ ጋ ሲመላለስ ነው የሚከርመው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሥራ ነበራቸው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም ሚኒስትርም ነበሩ፣ በዓሉ ግርማም ጋዜጣ ሲያዘጋጅ ኖሮ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኗል። ማታ ከደከመሽ ጠዋት ቢሮ ሳትገቢ ጻፊ።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦
በዓሉን ካነሳህ መጨረሻውንም ንገራት እንጂ። ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በሥራው ምክንያት አስመራ ሆኖ አየ፣ በ1975 ስለዚያው «ኦሮማይ» የሚለውን ልብ ወለድ አሳተመ፣ ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ወጥቶ ቀረ። ያ ዘመን ሌላ ነው፣ እሺ። ግን ቢሮ ያየሽውን እንዳለ ልብ ወለድ ማድረግ ዛሬም ጣጣ አለው። ደግሞ የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ አንብቢው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ (410/1996) መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ለሥራሽ የጻፍሽው የቀጣሪሽ ነው። ለራስሽ የጻፍሽው ያንቺ ነው፤ ስለዚህ በቢሮ ላፕቶፕ፣ በቢሮ ሰዓት አትጻፊ፣ በኋላ ለክርክር በር ይከፍታል።

ስክሪፕት በላ፦
ሁለቱ ብቻ ነው እንዴ ያለው? መሃል ላይ የሚገኘውን እንጀራ ረሳችሁት። ኤንጂኦዎች የሬዲዮ ድራማ ያስጽፋሉ። «የቀን ቅኝት»ን የምታስታውሱ? ለቤተሰብ ምጣኔና ለኤችአይቪ ትምህርት ነበር የተሠራው፣ ሰው ግን ታሪኩን ብሎ ነው ሬዲዮ ላይ የሚጣደው። ፅጌ፣ አንቺ ሪፖርታቸውን አንብበሽ ይገባሻል፣ ታሪክም መፍጠር ትችያለሽ፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚችል ሰው እንደልብ አይገኝም። ብቻ ቅድመ ክፍያ ሳትቀበዪ እንዳትጀምሪ። ስንት ጊዜ አስተካክለሽ እንደምትሰጪም ውሉ ላይ ይጻፍ፣ አለበለዚያ «ትንሽ ብቻ ንኪልን» እያሉ ዓመቱን ያዞሩሻል።

ፅጌ ማታ፦
ይሄን አስቤውም አላውቅ! ግን ናሙና ሲሉኝ የባንክ ዜና ላሳይ ነው?

ስክሪፕት በላ፦
ኧረ ተይ! ከልብ ወለዶችሽ አንድ ትዕይንት መርጠሽ ለሬዲዮ ቀይሪው፣ ከአምስት ገጽ አይብለጥ። ፊትና አለባበስ የሚገልጸውን ሁሉ አውጪ፣ በንግግርና በድምፅ ብቻ ይሂድ። የዓረብ አገሯን ልጅ ብትወስጂ ጥሩ ነው፣ አቀባበሉን ብቻ አስተካክይው 😄