ከተፋታን አራት ዓመት ሆነን፣ ካርታው ግን አሁንም በሁለታችን ስም ነው

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስንፋታ ፍርድ ቤቱ ቤቱን ለእኔ፣ መኪናውንና ባንክ የነበረውን ገንዘብ ለእሱ ብሎ አካፈለን። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ውሳኔውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ልጆቼን ማሳደግ ቀጠልኩ። አሁን ቤቱን ልሸጥ ብዬ ስነሳ ካርታው ላይ የሁለታችንም ስም አለ። ፈርምልኝ ስለው ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሰኝ ቆይቶ በቀደም ዕለት "ድርሻዬን ካልሰጠሽኝ አልፈርምም" አለኝ። ድርሻውን እኮ ወስዷል! የቤቱ ብድርም በሁለታችን ስም ነው፣ ከተፋታን ጀምሮ የምከፍለው ግን እኔ ብቻ። እሱ ካልፈረመ ምንም ማድረግ አልችልም ማለት ነው?

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ። ፍርድ ቤት ወሰነ ማለት መዝገቡ ተቀየረ ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሳኔውን ይዞ ሄዶ ስም የሚያዛውረው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። አልፈርምም ካለ የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም ውሳኔው በተግባር እንዲውል የሚጠየቅበትን መዝገብ፣ ክፈቺ። ፍርድ ቤቱ እንዲፈርም ያዘዋል፣ በብዙ ቦታ ደግሞ ያለ እሱ ፊርማ ስሙ እንዲዛወር ለመዝጋቢው ክፍል ትእዛዝ ይጽፋል። ግን አትዘግዪ። ፍርድ የሚፈጸምበት የጊዜ ገደብ አለው። እሱ በመሃል ቢሞት ደግሞ ክርክርሽ ከወራሾቹ ጋር ይሆናል። እስከዚያው ቤቱ እንዳይሸጥና ለሌላ ዕዳ መያዣ እንዳይሆን እግድ ጠይቂ። በትዳር ላይ ሳላችሁ የሰጠሽው ውክልና ካለም ዛሬውኑ ሻሪው።

መልስ 2፦
የደረሰብኝን ልንገርሽ። ውሳኔው ላይ የካርታው ቁጥር 6 መሆን ሲገባው 9 ተብሎ ተጽፎ ነበር። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ "ይሄ እኮ የሌላ ሰው ቤት ነው" አለችኝ። ክው ነው ያልኩት። ለአንዲት አሃዝ እርማት ወራት ተመላለስኩ። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተሽ ቁጥሩን፣ ስፋቱን፣ የስማችሁን አጻጻፍ ሳይቀር አመሳክሪ። ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭም አውጪ፣ ተራ ፎቶ ኮፒ ይዘሽ አትልፊ።

መልስ 3፦
ብድሩን አትርሱት እንጂ! ባንኩ በፍቺው ክርክር ውስጥ አልነበረም፣ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ "ዕዳውን እሷ ትክፈል" ቢል እንኳ ለባንኩ ሁለታችሁም ባለዕዳ ናችሁ። ቤቱ መያዣ ከሆነ ስም ለማዛወርም መጀመሪያ ባንኩን ማነጋገርሽ አይቀርም። ብድሩ ወደ አንቺ ብቻ ይዙርልኝ ብለሽ አመልክቺ፣ ገቢሽን አይቶ ይወስናል። የከፈልሽበትን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስቢ። አንድ ነገር ልጨምር፣ እሱም ቤቱ ሳይኖረው ዕዳው አንገቱ ላይ ነው። ሲሸጥ ብድሩ ተዘግቶ ነፃ እንደሚወጣ በጽሑፍ አሳዪው። የእኔ የቀድሞ ባለቤት ሁለት ዓመት እምቢ ብላ የፈረመችው ይሄን ስታይ ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወረቀቶቹን አውጥቼ አየኋቸው። ቁጥሩ ልክ ነው። የእኔ ስም ግን ካርታው ላይ በጸሎቱ "ጸ" ነው፣ ውሳኔው ላይ በፀሐዩ "ፀ"። ይሄም እርማት ይፈልጋል?

መልስ 2፦
ባይፈልግ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እንዳይመልሱሽ አፈጻጸሙን ስትከፍቺ እርማቱንም አብረሽ ጠይቂ። መታወቂያሽ ላይ ያለው የትኛው ነው?